ሁለት ፈቃድ፣ አንድ በር

ክሮፍት የተባለ የኒውዮርክ ብረት አምራች ኩባንያ ለከተማው ያልከፈለው ውዝፍ ታክስ ነበረበት። ይህ ውዝፍ በሚከፈልበት ዓመት ከፌዴራሉ የገቢ ግብር ላይ በወጪነት ይያዝለት እንደሆነ በርኩ የሚባል የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ ተጠየቀ። በርኩ የግምጃ ቤቱን ውሳኔዎች አገላብጦ ይያዛል የሚል አስተያየቱን በጽሑፍ አቀረበ፤ ለድካሙም 500 ዶላር ጠየቀ። ኩባንያው አልከፍልም አለ። በርኩ ከሰሰ፣ ተረታም። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የኒውዮርክ ካውንቲ ጠበቆች ማኅበር ደግሞ በተራው ያለ ጥብቅና ፈቃድ የሕግ ምክር ሰጥቷል ብሎ ፍርድ ቤት አቆመው። በ1948 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይግባኝ ሰሚው ችሎት 50 ዶላር ቀጣው፤ ዳግመኛም እንዳይሠራው አገደው። በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው።

ከቅጣቱ ይልቅ የሚገርመው የፍርዱ ምክንያት ነው። በርኩ የኩባንያውን መዝገብ የሚይዝና የግብር ማስታወቂያውን የሚሞላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ያንኑ መልስ ከሥራው ጋር አያይዞ ቢሰጥ ባልተከለከለ ነበር። የመልሱ ትክክለኛነት አላከራከረም፤ ያከራከረው መልሱን የሰጠው ሰው ነው።

ሁለቱን ሙያዎች እንዲህ ያጋጨው የገቢ ግብር ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1878 ሳራቶጋ ላይ ሲመሠረት፣ ኒውዮርክም በ1896 የሒሳብ ባለሙያዎችን የሚመሰክር የመጀመሪያውን ሕግ ስታወጣ፣ አንዱ የሌላውን ደጃፍ የሚረግጥበት ምክንያት ብዙ አልነበረም። በ1913 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የፌዴራል ገቢ ግብር ሲፈቀድ ግን እያንዳንዱ የሒሳብ መስመር የሕግ ጥያቄ ያዘለ ሆነ። ገቢ የሚባለው ምንድን ነው? ወጪውስ የየትኛው ዓመት ነው? በ1924 የተቋቋመው የግብር ይግባኝ ቦርድ ጠበቃውንም የሒሳብ ባለሙያውንም ተቀበለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግብሩ ወደ ተራው ደመወዝተኛ ሲወርድ ገበያው ሰፋ፤ ጠቡም አብሮ ከረረ። ዛሬ አሜሪካ የሚኖር አበሻ ኤፕሪል 15 ሳይደርስ «ታክስ ለማሠራት» ወረቀቱን ይዞ የሚሄድበት ቢሮ፣ ድንበሩ በዚያ ሙግት የተሰመረ ነው።

ጠበቆች ድንበራቸውን ለማስከበር ብዙ ርቀት ሄደዋል። ሚኔሶታ ውስጥ ግብር ከፋይ መስሎ የሚቀርብ መርማሪ ቀጥረው፣ ጠበቃም የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያም ወዳልነበረ ሰው ላኩ። መርማሪው ከትዳር ጓደኛ ጋር ስለሚሠራ ሽርክናና ስለሚቀነስ ወጪ እያነሳ ጠየቀው፤ ሰውየውም መለሰለት። በ1951 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስቸጋሪና አጠራጣሪ የሕግ ጥያቄ የመፍታት ሥራ የጠበቃ ነው ብሎ ፈረደበት። በዚያው ዓመት የሁለቱ ሙያዎች መሪዎች ተቀምጠው የጋራ የመግባቢያ መርሕ አወጡ። ለሽምግልና ያህል ጥሩ ነበር፤ የሙያውን ወሰን ግን አልቆረጠም።

ሁለቱንም ፈቃድ በእጁ የያዘ ሰው ከዚህ ሁሉ ነጻ የሚሆን ይመስላል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ኮሚቴ በ1946፣ ኋላም ይበልጥ አጥብቆ በ1961፣ ጠበቃ በአንድ ቢሮ ሆኖ ጠበቃም የሒሳብ ባለሙያም ነኝ እያለ ራሱን ማስተዋወቅ እንደማይገባው አስተያየት ሰጠ። ስጋቱ የሒሳቡ ሥራ ለጥብቅናው ደንበኛ መሳቢያ ይሆናል የሚል ነበር፤ በዚያ ዘመን ጠበቃ ማስታወቂያ ማስነገር ነውር ነበርና። ይህ ክልከላ ፍትሐዊ አልነበረም። ሁለት ከባድ ፈተና አልፎ ሁለት ፈቃድ ያገኘን ሰው አንዱን ደብቅ ማለት ደንበኛውንም ማወቅ የሚገባውን መንፈግ ነው።

ጠበቃም የተመሰከረላቸው የሒሳብ ባለሙያም የሆኑ ሰዎች የአሜሪካ ማኅበር በ1964 የተመሠረተው እንዲህ ባለው ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለውን ማኅበር መምራት ሌላውን የሙያ ማኅበር እንደመምራት አይደለም። አባላቱ ሁለት የዲሲፕሊን አካል የሚቆጣጠራቸው፣ ሁለት ፈቃድ የሚያሳድሱ፣ ከሁለቱም ወገን በጥርጣሬ የሚታዩ ናቸው፤ መሪው ከሁለቱም ጋር መነጋገር አለበት፣ አንዱን ቢያስቀይም የአባላቱ ግማሽ እንጀራ አደጋ ላይ ነው። ዘመኑ ግን እያገዘ መጣ። በ1965 ኮንግረስ ጠበቆችና የተመሰከረላቸው የሒሳብ ባለሙያዎች ለየት ያለ ምዝገባ ሳያስፈልጋቸው በግብር መሥሪያ ቤቱ ፊት ደንበኛ መወከል እንዲችሉ ደነገገ። በ1972ም የጠበቆች ማኅበር ኮሚቴ የቀድሞ አቋሙን አላልቶ፣ የጠበቃን ሥነ ምግባር እስካከበረ ድረስ አንድ ሰው በአንድ ቢሮ ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል አለ።

ፍሎሪዳ ውስጥ ግን ነገሩ ገና ነበር። ሲልቪያ ኢባኔዝ የምትባል ጠበቃ ነበረች፤ የሒሳብ ፈቃዷም የጸና ነበር። በስልክ ማውጫው ቢጫ ገጽ፣ በቢዝነስ ካርዷና በጽሕፈት ወረቀቷ ላይ ከስሟ ቀጥሎ የተመሰከረላት የሒሳብ ባለሙያ መሆኗን የሚገልጹትን ሲፒኤ (CPA) የሚሉ ሦስት ፊደላት አሳተመች። የቅሬታው መነሻ የከፋው ደንበኛ አልነበረም፤ ስሙን ያልገለጸ ሰው ጥቆማ ነበር። ጉዳዩን የሰማው መርማሪ ክሱ ይዘጋ ቢልም፣ የግዛቲቱ የሒሳብ ሙያ ቦርድ አሳሳች ማስታወቂያ ነው ብሎ ገሠጻት። እሷም አልተወችውም፤ ራሷ ተከራክራ እስከ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰች። ሰኔ 1994 ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ የጻፉት ውሳኔ ወጣ፦ ፈቃዱን ራሱ ቦርዱ ሰጥቷታል፤ እውነት የሆነውን መናገሯ ሕዝብ ያሳስታል ሊባል አይችልም። ዘጠኙም ዳኞች በሲፒኤው ጉዳይ ተስማሙ። ሁለቱ የተለዩት እሷው ጨምራ የተጠቀመችበትን የፋይናንስ ዕቅድ አውጪነት ማዕረግ በተመለከተ ብቻ ነበር።

ሁለቱን ማዕረግ ጎን ለጎን መጻፍ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ የደንበኛ ምስጢር ጥያቄ ሆነ። ጠበቃ ከደንበኛው የሰማውን እንዲያወጣ አይገደድም፤ የሒሳብ ባለሙያ ግን ከኮንግረስ ተመሳሳይ ጥበቃ ያገኘው በ1998 ነው፣ እሱም በግብር ጉዳይ፣ ወንጀልን ሳይጨምር። ሁለቱን የሆነ ሰውስ? በ1999 የሰባተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት የደንበኞቹን የግብር ማስታወቂያ የሞላ አንድ ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ሰነዶቹን ለመንግሥት እንዲያስረክብ አዘዘ። ዳኛው ሪቻርድ ፖዝነር እንዳስረዱት፣ ማስታወቂያ መሙላት የሒሳብ ሥራ ነው፤ ጠበቃ ስለሠራው ብቻ ምስጢር ይሁን ቢባል፣ ጠበቃ የቀጠረ ግብር ከፋይ የሒሳብ ባለሙያ ከቀጠረው የተሻለ ከለላ ያገኛል። ለሒሳቡም ለጥብቅናውም ሥራ ለተዘጋጀ ወረቀትም ከለላው አልተሰጠም። ስለዚህ በአንድ ቢሮ ሁለቱን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ከደንበኛው ጋር ገና ሲነጋገር የትኛውን ሥራ እየሠራለት እንደሆነ መለየት፣ ፋይሉንም ለይቶ መያዝ ግድ ሆነበት።