ዩቱ ወደ ጥንት ድምፁ የተመለሰበት አልበም

አንድ ባንድ ሃያ ዓመት ከሠራ በኋላ ወደ መጀመሪያ ድምፁ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ዳኞች ይነሳሉ። አንደኛው ወገን «ወደ ቤቱ ገባ» ብሎ እልል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «አዲስ ነገር ቢያጣ የድሮውን አቧራ አራግፎ አመጣልን» ይላል። በሮክ ሙዚቃ ታሪክ ይህ ክርክር በሚገባ ከተካሄደባቸው ሥራዎች አንዱ የአየርላንዱ ባንድ ዩቱ ኦክቶበር 30 ቀን 2000 ያወጣው «ኦል ዛት ዩ ካንት ሊቭ ቢሃይንድ» የተባለው አሥረኛ የስቱዲዮ አልበም ነው። ስሙ «ጥለኸው መሄድ የማይሆንልህ ሁሉ» እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን ናቸው።)

የባንዱ አመጣጥ ይህን ይመስላል። በ1976 ላሪ መለን የተባለ የደብሊን ተማሪ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ሙዚቀኞች እፈልጋለሁ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። በመጨረሻ ከበሮ መቺው መለን፣ ድምፃዊው ቦኖ፣ ጊታር ተጫዋቹ «ዚ ኤጅ» እና የቤዝ ጊታሩ አዳም ክሌይተን አራት ሆነው ረጉ። የመጀመሪያው ድምፃቸው ምልክት የኤጅ ጊታር ነበር። ጥቂት ኖታዎችን ብቻ እየመታ በመሣሪያ አማካይነት እንደ ገደል ማሚቶ እንዲደጋገሙ ያደርጋል። በ1983 የወጣው «ዋር» እና በ1987 የወጣው «ዘ ጆሹዋ ትሪ» በዚህ ድምፅ ዓለምን አዳረሱ።

የ1990ዎቹ ጉዞ ግን ሌላ ነው። ባንዱ በርሊን ወርዶ በ1991 «አክቱንግ ቤቢ»ን ሠራ። ከዚያም በኤሌክትሮኒክስና በዳንስ ቤት ምት እየተሳበ በ1997 «ፖፕ» ላይ ደረሰ። አልበሙ ሳያልቅ የኮንሰርቱ ጉዞ ቀን ተቆርጦ ስለነበር ሥራው በጥድፊያ ተጠናቀቀ። መድረኩ ላይ 12 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሎሚ ቆመ፤ ባንዱ ከሎሚው ውስጥ እየወጣ ይዘፍናል። ኦስሎ ላይ ሎሚው በወጉ አልከፈት ብሎ ሙዚቀኞቹ ውስጡ ተቀርቅረው ቀሩ። በኋላ ባንዱ ከ«ፖፕ» ዘፈኖች አንዳንዶቹን እንደገና አስተካክሎ ማውጣቱ፣ በሥራው እንዳልረካ በራሱ ላይ የሰጠው ምስክርነት ነው።

በ2000 የተደረገው መመለስ እንግዲህ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ፕሮዲዩሰሮቹ የ«ጆሹዋ ትሪ» ሰዎች ብራያን ኢኖ እና ዳንኤል ላኑዋ ነበሩ። ሆኖም መመለሱ ያለ ጠብ አልሆነም። «ቢዩቲፉል ዴይ» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ ኤጅ ከ«ዋር» ዘመን ወዲህ እምብዛም ያልተጠቀመበትን የጊታር ድምፅ አወጣ። ባልደረቦቹ ወደፊት የሚያይ ነገር ፈልገው ተከራከሩት፤ ኤጅ ረታ። ያው ዘፈን ግን ሲጀምር የሚሰማው የኢኖ የኤሌክትሮኒክስ ምት ነው። ይህ ትልቅ ማስረጃ ይመስለኛል። ሰዎቹ የተማሩትን አልጣሉም። አሥር ዓመት የተዟዟሩበትን ዕውቀት ይዘው ነው የተመለሱት።

ግጥሞቹም የሃያ ዓመት ወጣት ግጥሞች አይደሉም። አንዱ በ1997 ራሱን ላጠፋው ዘፋኝ ጓደኛቸው ማይክል ሃቺንስ የተዘፈነ ነው። ሌላው በ1998 ኦማ በተባለችው የሰሜን አየርላንድ ከተማ በቦምብ ያለቁትን ያለቅሳል። «ዎክ ኦን» የተሰኘው በቁም እስር ላይ ለነበሩት ለበርማዋ ኦንግ ሳን ሱ ቺ የተሰጠ ሲሆን፣ ወታደራዊው መንግሥት አልበሙን አገደ። (እኚሁ ሴት ሥልጣን ላይ ሳሉ ሮሂንጋዎች ሲሰደዱ ዝም በማለታቸው ቦኖ በ2017 ከሥልጣን መልቀቅ አለባቸው ብሏል። በ2021 ደግሞ በመፈንቅለ መንግሥት ዳግም ታሰሩ።) አልበሙ ከ12 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጠ፤ ሰባት የግራሚ ሽልማቶችም አገኘ። የዓመቱ ምርጥ ቅጂ የሚባለውን ሽልማት ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ በ2001 እና በ2002፣ ከአንድ አልበም በወጡ ሁለት ዘፈኖች መውሰድም ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር።

ይህ ድምፅ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከ77ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ ጁላይ 13 ቀን 1985 በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ዩቱ ተጫውቷል። ከዚያ በኋላ ቦኖ ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ወሎ፣ አጅባር በሚገኝ መጠለያ ከአንድ ወር በላይ በበጎ ፈቃድ ሠርቷል። አንድ አባት ልጁን ይዞለት እንዲሄድ እንደለመነው ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ጎዳናዎች ስም ስለሌላቸው ቦታ የሚዘፍነው የ«ጆሹዋ ትሪ» መክፈቻ ግጥምም የተጸነሰው እዚሁ አገራችን ነው። ስም በሌለው መንገድ አድራሻ ለማስረዳት ለሚደክመው ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ሳያስገርመው አይቀርም። በቤልፋስት ግን የመንገድህ ስም ሃይማኖትህንና ኑሮህን ያጋልጣል፤ የግጥሙ ምኞት ከዚህ ማምለጥ ነው።

አዲሱ አልበም በሚቀረጽበት ወቅትም ቦኖ የድሃ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ በሚጠይቀው የጁቢሊ 2000 ዘመቻ ከሹማምንት ደጅ ደጅ ይል ነበር። ክርክሩ «ጉዳዩ የፍትሕ እንጂ የምጽዋት አይደለም» የሚል ነው። ኢትዮጵያም በዓለም አቀፉ የዕዳ ቅነሳ ዕቅድ በአፕሪል 2004 የመጨረሻውን ደረጃ አልፋ ተጠቃሚ ሆናለች። ይህ የአንድ ዘፋኝ ሥራ አይደለም፤ የብዙዎች ግፊት ውጤት ነው። በሌላ በኩል አየርላንድ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ትሰጥ በነበረው የግብር ነፃነት ላይ ገደብ ስታስቀምጥ፣ በ2006 ባንዱ የሙዚቃ መብት ንግዱን ወደ ኔዘርላንድ ማዛወሩ መዝገብ ላይ አለ። ሕጋዊ ነበር። ነገር ግን መንግሥታት ለድሆች እንዲሰጡ የሚሟገት ሰው የራሱን ግብር ሲያሸሽ፣ ሕጋዊ መሆኑ ብቻ ጥያቄውን አይዘጋውም።

ወደ ሙዚቃው እንመለስ። በመልሶ ጉዞው አደጋ የለም ማለት አይቻልም። በ2004 የወጣው ተከታዩ አልበም በዚያው መንገድ ሄዶ በሁለት ዓመት ስምንት ግራሚ ቢወስድም፣ የድል ቀመር ሲደጋገም ልማድ መሆኑን ማሳየት ጀምሮ ነበር። በሴፕቴምበር 2014 ደግሞ ባንዱ አዲስ አልበሙን ከአፕል ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በግማሽ ቢሊዮን ያህል ደንበኞች የሙዚቃ ማኅደር ውስጥ ሳይጠየቁ አስገባ። ስጦታም የተቀባዩን ፈቃድ ይሻልና ቁጣ ተነሳ፤ ቦኖም ይቅርታ ጠየቀ።

በ2000ው አልበም ላይ ግን የእኔ ፍርድ ለባንዱ ያደላል። ወደ ቀድሞ ድምፅ መመለስ በራሱ ጥፋትም ጽድቅም አይደለም። መጠየቅ ያለበት የተመለሰው ሰው በሄደበት አገር የገዛው ነገር መኖሩና አለመኖሩ ነው። ዩቱ ሐዘንንና መሸነፍን ይዞ ተመልሷል። የድሮው ጊታርም እነዚህን ለመሸከም የሚበቃ ጉልበት ነበረው።