የፓይለት ቁጥር

ከየካ ኮረብታ ላይ ሆኜ ቦሌ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ሳይ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ማረፊያው ሲዘጋ ወይ ድርጅቱ ሲሸጥ ፓይለቱ ምን ይሆናል?

በ1946 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካይሮ ሲበር አብራሪዎቹ የቲደብሊውኤ አሜሪካውያን ነበሩ። ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት በ1957 ነው። የልደታው ማረፊያ ለጄት ሲያጥር፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። ሰፈሩ ዛሬም “ኦልድ ኤርፖርት” ይባላል። ፓይለቶቹ ግን ያው ቦሌ ሄዱ፤ ድርጅቱም ከተማውም አንድ ነው።

አስተማሪው ግን አልታደለም። በ2001 ቲደብሊውኤ ከሰረና አሜሪካን ኤርላይንስ ገዛው። ፓይለት ዘንድ ሁሉን የሚወስነው የቅጥር ቀደምትነት ቁጥር ነው፦ ምን እንደምታበር፣ መቼ ካፒቴን እንደምትሆን፣ ቅነሳ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ። ቁጥሩ ደግሞ ከድርጅት ድርጅት በራሱ አይሻገርም። ከቲደብሊውኤ ፓይለቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝርዝሩ ግርጌ ተለጠፉ፤ አሥር ዓመት ያበረረ ሰው ትናንት ከተቀጠረ ልጅ በታች ማለት እኮ ነው። በ2003 የሴንት ሉዊስ ማዕከላቸው በረራ በግማሽ ገደማ ሲቀነስ ብዙዎቹ ሥራ አጡ። ችሎታቸውን የጠየቀ የለም። እኔን ከክስረቱ ይልቅ የሚያመኝ ይሄ ነው።

አሁን ቢሾፍቱ አቅራቢያ አዲስ ማረፊያ ታቅዷል። የእኛ ፓይለት ከነቁጥሩ ነው የሚሄደው። የካ ቤት የሠራው ግን ለንጋት በረራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊነዳ ነው፣ በሌሊት።