ጡት፣ ጡጦ እና ሦስት ጊዜ የተለወጠ ምክር

እ.ኤ.አ. በ1985 ኤች አይ ቪ በጡት ወተት እንደሚተላለፍ የሚጠቁም ሪፖርት ከአውስትራሊያ ወጣ። እናትየዋ ቫይረሱ የያዛት ከወለደች በኋላ በተሰጣት ደም ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች እንዳያጠቡ መከረች። ንጹህ ውሃ ከቧንቧ ለሚቀዳ ሰው ምክሩ ቀላል ነው። እስቲ ወደ ሸቤ እናምጣው።

ሸቤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ገጠር የዱቄት ወተት ማለት በየጊዜው የሚገዛ ቆርቆሮ፣ የሚፈላ ውሃ፣ ማገዶ፣ የሚቀቀል ጡጦ ነው። የቡና ብር ደግሞ በለቀማ ሰሞን እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይገባም። ብሩ ቢገኝስ? ጎረቤት አለ። «ምነው አታጠቢም?» የምትል አንዲት ጥያቄ ምስጢሯን ታወጣለች።

በ1992 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተቅማጥና የምግብ እጥረት ሕፃናትን በሚጨርሱበት አገር እናቶች ያጥቡ አሉ። ፍርሃቱ እውነት እንደነበር ቦትስዋና አሳየች። መንግሥት የዱቄት ወተት በነፃ ያድል ነበር፤ በ2006 መጀመሪያ ጎርፍ ውሃውን ሲበክለው ተቅማጥ ብዙ ሕፃናት ገደለ። አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ነበሩ።

በመሀል፣ በ1999፣ ከደርባን ያልተጠበቀ ውጤት መጣ፦ ጡት ብቻ የጠቡት ሕፃናት ጡትና ሌላ ነገር እየተቀላቀለ ከተሰጣቸው ባነሰ ቁጥር ተይዘዋል። ሌላው ምግብ የሕፃኑን አንጀት ስለሚጎዳ ለቫይረሱ በር ይከፍታል ተብሎ ይታሰባል። እኛ ዘንድ ደግሞ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ፣ ውሃ ጠብ ማድረግ ፍቅር ነው። አደጋው የገባው በፍቅር በኩል ነው ማለት ነው።

የጨረሰው መድኃኒቱ ነው። ያለ ሕክምና ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ፤ በሕክምና ግን ከ5 በታች ማውረድ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መድኃኒትና ጡትን አንድ ላይ መከረ፤ ኢትዮጵያም በ2013 ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት ሁሉ የዕድሜ ልክ መድኃኒት መስጠት ጀመረች። የዛሬው ምክር፦ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ።

የተረሳችው እናትየዋ ናት። ወተቱ የሚቆረሰው ከሷ አካል ነው። ገንፎውና አጥሚቱ ከአራስ ቤት ጋር ያበቃል፤ ማጥባቱ ግን ገና መጀመሩ ነው። በባዶ ሆድ የሚዋጥ ክኒን ደግሞ ብዙ አይዘልቅም።

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። አዲስ ቨርዥን ስንለቅ አሮጌው በብዙ ስልክ ላይ ይቀራል። «አታጥቢ» የሚለው የ1985 ምክርም እንዲሁ በየሰዉ ጭንቅላት ቀርቷል። ዛሬ መድኃኒቷን እየወሰደች ልጇን ከጡቷ የምትነጥል እናት ካለች፣ የምታዘው ያ አሮጌ ቨርዥን ነው።