የትምህርት ቤቱ ጣራና የቤት ግብር፦ ከካሊፎርኒያ የምንማረው ሒሳብ

ባለፈው ዓመት ዝናብ ሲገባ፣ ልጆቼ የሚማሩበት የሞያሌ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰበሰበ። ጣራው ያፈሳል፣ ሁለት ክፍሎች ተዘግተዋል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ መዋጮ ያምጣ ተባለ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ እናት ተነሥታ «የአምናውስ መዋጮ የት ገባ?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም። ስብሰባው በዚያው ተበተነ። እኔም አልከፈልኩም። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ዝናቡ የሚወርደው በራሴው ልጆች ላይ ነውና።

ታላቅ እህቴ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ቤት ገዝታ ትኖራለች። ነገሩን በስልክ ሳጫውታት «እኛ ጋ እኮ ለዚህ ድምፅ እንሰጣለን። ካለፈ በቤት ግብራችን ላይ ተጨምሮ ይመጣል» አለችኝ። በየዓመቱ በሚደርሳት የግብር ወረቀት ላይ የትምህርት ቤት ዕዳ ለብቻው ተጽፎ ይታያል። ነገሩ ስለገረመኝ ታሪኩን እየፈለግኩ አነበብኩ። እኛ ነጋዴዎች የምንማርበት ስላገኘሁ ላካፍላችሁ። የካሊፎርኒያዎቹ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ ለነጋዴ አይከብድም። ትምህርት ቤት ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ቦንድ ሸጦ ይበደራል፤ ዕዳው በአካባቢው ቤትና መሬት ላይ በሚጣል ግብር በብዙ ዓመታት ይከፈላል። ይበደር ወይስ አይበደር የሚለውን ግን ነዋሪው በድምፁ ይወስናል። በ1879 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ለእንዲህ ያለ ብድር ከሦስት ድምፅ ሁለቱን ይጠይቅ ነበር። አንድ «አይሆንም» ሁለት «ይሁን»ን ይመዝናል ማለት ነው።

የሕንፃ ነገር የሞት ሽረት ጉዳይ መሆኑ የታየው መጋቢት 10 ቀን 1933 ነው። በዚያ ምሽት ወደ 12 ሰዓት ገደማ ሎንግ ቢች በምትባለው ከተማ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። 70 ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፣ 120 ደግሞ ክፉኛ ተጎዱ። ልጆቹ ከሰዓታት በፊት ወደየቤታቸው ባይሄዱ ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። በአንድ ወር ውስጥ የትምህርት ቤት ሕንፃ ዕቅድና ግንባታ በክፍለ ግዛቱ መንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ሕግ ወጣ።

የቤት ግብር ግን የራሱ ችግር አለበት፦ ሀብታም ሰፈር በትንሽ ግብር ብዙ ይሰበስባል። በ1971 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሴራኖ ጉዳይ ይህን በቁጥር አሳይቷል። የቦልድዊን ፓርክ ነዋሪዎች ከንብረት ግምታቸው በየ100 ዶላሩ 5.48 ዶላር እየከፈሉ ለአንድ ተማሪ የሚያወጡት 577 ዶላር ነበር። የቤቨርሊ ሂልስ ሰዎች ግን 2.38 ዶላር ብቻ እየከፈሉ ለአንድ ተማሪ 1,232 ዶላር ያወጡ ነበር። ድሃው ከእጥፍ በላይ ከፍሎ ግማሹን እንኳ አላገኘም።

ከዚያ የግብር ከፋዩ ቁጣ መጣ። በ1970ዎቹ የቤት ዋጋ ሲንር ግብሩም አብሮ ናረ። ጡረተኛው የቤቱ ዋጋ በወረቀት ላይ ቢጨምርም ኪሱ ውስጥ የገባ ነገር የለም። በሃዋርድ ጃርቪስና በፖል ጋን መሪነት «ፕሮፖዚሽን 13» ለድምፅ ቀረበና በሰኔ 1978 በከፍተኛ ድምፅ አለፈ። የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስም ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ለአዲስ የትምህርት ቤት ቦንድ ግብሩን መጨመር አልተቻለም። በሩ በድጋሚ የተከፈተው በ1986 ሲሆን፣ አሁንም ከሦስት ሁለት ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው የወደቁ ብዙ ናቸው።

በመጋቢት 2000 ይህ ወደ ተራ አብላጫ ድምፅ ዝቅ ይበል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር 55 በመቶ ይበቃል የሚለው «ፕሮፖዚሽን 39» አለፈ። ከእሱ ጋር የመጡትን ግዴታዎች ልብ በሉልኝ። የሚሠራው ሥራ ዝርዝር ከድምፁ በፊት ይጻፋል። ገንዘቡ ለደመወዝ አይውልም። በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል። ቢያንስ ሰባት አባላት ያሉት የነዋሪዎች ኮሚቴ ወጪውን ይከታተላል፤ ከአባላቱ አንዱ ከአካባቢው ነጋዴዎች ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛም ሆነ ሥራውን የሚወስድ ተቋራጭ ኮሚቴው ውስጥ አይገባም።

ይህም ሁሉ ሆኖ ቀዳዳ አልጠፋም። በ2011 በሳን ዲዬጎ አቅራቢያ የፓውዌይ ትምህርት አስተዳደር ወደ 105 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ለመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ምንም ሳይከፍል። ደስ ይላል? በመጨረሻ የሚመለሰው ግን ወደ 980 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለው ልጅ አድጎ ቤት ሲገዛ ያንን ዕዳ ይከፍላል። ጩኸቱ ሲበዛ በ2013 ሕግ ወጥቶ፣ እንዲህ ያለው ብድር በጠቅላላ ከተወሰደው ገንዘብ አራት እጥፍ እንዳይበልጥና ከ25 ዓመት እንዳያልፍ ተደረገ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ለትምህርት ግብር መክፈል ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጥሎ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የተጣለውን፣ የጣራና ግድግዳ የምንለውን የከተማ ቤት ግብርም ሁላችንም እናውቀዋለን። ከድንበሩ ማዶ ኬንያውያን በሃራምቤ እያዋጡ ብዙ ትምህርት ቤት ሠርተዋል። መክፈል እናውቅበታለን። «ይህን ያህል ለዚህ ሥራ ይውላል፤ ትስማማላችሁ?» ተብለን የተጠየቅንበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

እቁባችንን ተመልከቱ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፤ ለዚህ ነው ማንም ሳያስገድደን ከሰኞ እስከ ሰኞ የምንጥለው። ለእቁብ የምናደርገውን ለልጆቻችን ጣራ ለምን እንነፍገዋለን?

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የቆርቆሮው፣ የእንጨቱና የአናጢው ዋጋ አስቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍ። ብድር ካለ የሚመለሰው ጠቅላላ ድምር ይነገር። ደብተሩን የሚይዙት ከትምህርት ቤቱ ጋር የሥራም የንግድም ጥቅም የሌላቸው ወላጆች ይሁኑ፤ ያቺ ሻይ ሻጭ እናት ከእነሱ አንዷ ብትሆን ደስ ይለኛል። ይህ ከተሟላ የአምናውን ጨምሬ እከፍላለሁ። እናንተስ፣ በየከተማችሁ መዋጮው እንዴት ነው የሚያዘው? ጻፉልን።