አንድ ፊልም፣ ሁለት ስም

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የእንቁጣጣሽ ቄጠማ ገና ከየቤቱ ሳይጠረግ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። ጣቢያው በ1957 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራ ከጀመረ 10 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቴሌቪዥን ያለው ሰውም ጥቂት። እዚህ ልደታ ውስጥ በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎችን ብትጠይቁ ቴሌቪዥን የነበረበትን ቤት በጣት ይቆጥሩላችኋል። የዚያ ምሽት ፊልም ግን ከተመልካቹ ቁጥር እጅግ የበለጠ ሥራ ሠራ።

የቴሌቪዥን ፊልም ከአገር አገር ሲዘዋወር ስሙ መለወጡ የተለመደ ነው። ሻጩ ገበያውን ያስባል፤ ተርጓሚው ለጆሮ የሚጥመውን ይፈልጋል። የጦርነት ድራማም፣ የፍቅር ታሪክም እንዲሁ ስም እየቀየረ ይዞራል። የዚህ ፊልም ስም የተለወጠው ግን ለገበያ አልነበረም።

ፊልሙን የሠራው ቴምስ የተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኩባንያ ሲሆን ዘጋቢው የ29 ዓመቱ ጆናታን ዲምብልቢ ነበር። «ዚስ ዊክ» በተባለው ፕሮግራም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1973) ለእንግሊዝ ሕዝብ ቀረበ። ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» ይል ነበር። የወሎ ሰው ከቀዬው ወጥቶ በመንገድ ዳርና በመጠለያ ሲረግፍ እንግሊዞች ከሳሎናቸው ሆነው አዩ፤ በጥቂት ሳምንታትም ወደ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ አዋጡ። ፊልሙም ከእንግሊዝ አልፎ ወደ ሌሎች አገሮች ሄደ። (ይኸው ኩባንያ ከ13 ቀን በኋላ 26 ክፍል ያለውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ማሳየት ጀመረ። ያ ሥራ እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል፤ የወሎውን ፊልም የሚያስታውሰው ግን ብዙ አይደለም።)

«ያልታወቀ» ሲባል ለማን? ለወሎ ገበሬ አይደለም። ለአዲስ አበባ ተማሪም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ አሳይተዋል። ርዕሱ የተጻፈው ለለንደን ተመልካች ነው። ለእርሱ በእውነት ያልታወቀ ነበር።

ደርግ ፊልሙን ሲያገኘው እንዳለ አላሳየም። በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ ተሰፋበት፤ ሻምፓኝ ሲቀዳ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። ስሙም ተለወጠና «የተደበቀው ረሃብ» የሚል ትርጉም ያለው ሆነ። ንጉሡም ራሳቸው እንዲያዩት መልእክት እንደ ደረሳቸው፣ ተቀምጠውም እንዳዩት ስለ ዘመኑ የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ።

የተለወጠው አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ያልታወቀ ነገር በደለኛ የለውም፤ የተደበቀ ነገር ደባቂ አለው። ደባቂው ማን እንደሆነ ደግሞ ውሾቹ በመጡ ቁጥር ተመልካቹ ራሱ ያየዋል፤ ማንም መናገር አያስፈልገውም። ወሎም እውነት ነው፣ ውሾቹም እውነት ናቸው። ሁለቱ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ካሜራ፣ ለአንድ ነገር የተቀረጹ አልነበሩም። ያገናኛቸው መቀስ ነው። በስልካችን ቪዲዮ እየቆራረጥን ለወጣቶች ፕሮግራም የምናቀርብ ልጆች ይህን ሥራ ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

ማግስቱን፣ መስከረም 2 ቀን ጠዋት፣ የደርጉ አባል ሻለቃ ደበላ ዲንሳ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የማውረጃውን አዋጅ አነበቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በትንሿ ቮልስዋገን ተሳፍረው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። አራተኛ ክፍለ ጦር ከልደታ ሩቅ አይደለም፤ በሜክሲኮ አድርጎ ወደ መሿለኪያ በእግር የሚደረስበት ነው። አንድ ምሽት በታየ ፊልም ብቻ ዙፋን ወደቀ ማለት ግን ማጋነን ነው። ወታደሩ ከየካቲት ጀምሮ አምጿል፤ ሚኒስትሮቹም ታስረዋል። ፊልሙ ያደረገው በዚያ ጠዋት ለንጉሡ የሚያለቅስ ሰው እንዳይኖር መንገዱን መጥረግ ነበር።

ታዲያ አዲሱ ስም ሐሰት ነበር? ይህን ለማለት እቸገራለሁ። መንግሥት ረሃቡን መደበቁ እርግጥ ነው። በወሎ የሞተው ሰው እስከ 200,000 ይደርሳል የሚሉ አሉ፤ ከዚያ በእጅጉ ዝቅ የሚያደርጉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ በትንሹ ግምት እንኳ ብዙ አሥር ሺህ ነፍስ ነው። ነገር ግን የደበቀው ቤተ መንግሥቱ ብቻ አልነበረም። ጃክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የውጭ መንግሥታት ወኪሎችም እያወቁ፣ መንግሥቱን ላለማስቀየም ሲሉ ዝም ብለዋል። አዲሱ ስም እነርሱንም ሊከስ ይችል ነበር። ሥዕሎቹ ግን ጣት የቀሰሩት ወደ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ስም ሳይለወጥ የተጓዘ ፊልም ምን እንደሚያደርግ ለማነጻጸር አንድ እውነተኛ የጦርነት ጊዜ ድራማ ልጥቀስ። «ሆሎኮስት» የተባለው ባለ አራት ክፍል የአሜሪካ ድራማ ናዚዎች በአንድ የአይሁድ ቤተሰብ ላይ ያደረሱትን ያሳያል። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታይቶ በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ምዕራብ ጀርመን ደረሰ። ጀርመኖቹ ስሙን እንዳለ ተዉት፤ ቃሉም በዚያ ሰበብ በጀርመንኛ ተለመደ። ወደ 20 ሚሊዮን ሰው አየው። በዚያው ዓመት የጀርመን ምክር ቤት የግድያ ወንጀል በይርጋ እንዳይታገድ ወሰነ። ያ ክርክር ከድራማው በፊትም የነበረ ነው፤ ሆኖም ጀርመኖች ፊልሙን ያዩት በሌላ ላይ ሊፈርዱበት ሳይሆን ስለ ራሳቸው ነበር። የእኛው ግን የተሰፋው በሌላ ሰው ላይ እንድንፈርድበት ነው።

በ10 ዓመቱ ነገሩ ተገለበጠ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብርና ኢሠፓን ሲመሠርት ከተማው በቀይ ጨርቅና በመብራት ደምቆ ነበር። የቴሌቪዥናችን ባለ ቀለም ሥርጭት የተጀመረውም በዚያው የበዓል ሰሞን ነው። ወሎና ትግራይ ዳግመኛ እየተራቡ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞች ግን በዓሉ እስኪያልፍ ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ጥቅምት 13 ቀን ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ የዘገበው የኮረም ፊልም በቢቢሲ ታየ፤ በኋላም በዓለም ዙሪያ 425 ጣቢያዎች አሳዩት። «የተደበቀው ረሃብ» የሚለው ርዕስ ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ የሚስማማው ያኔ ነበር። ርዕሱን ያወጡት ሰዎች ግን አሁን በድግሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል።

የ1967ን እንቁጣጣሽ የሚያስታውሱ አያቶችና አረጋውያን በየቤታችን፣ በየአጥቢያችንም አሉ። ምናልባት ያኔ በጎረቤት ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው ያዩ ልጆች ነበሩ። በሚቀጥለው ስብሰባችን አንዱን ጋብዘን ብንጠይቅ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ፊልም በዓይናቸው የቀረው የወሎ ሰው ፊት ነው፣ ወይስ ውሾቹ?