ሬዲዮን ከቤት ወደ ሜዳ ያወጣ ልማድ

በየዓመቱ በጁን ወር አራተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር የሰኔ ወር በሚጋመስበት ሰሞን፣ በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ የሬዲዮ አማተሮች ማሠራጫቸውንና መቀበያቸውን ከቤታቸው አውጥተው በከተማ መናፈሻ፣ በትምህርት ቤት ሜዳ፣ በኰረብታ ራስና በሐይቅ ዳር ድንኳን ይተክላሉ፤ ከከተማው የመብራት መሥመር ተለይተውም በባትሪ፣ በጄኔሬተርና በፀሐይ ኀይል እየሠሩ፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ በሌላ ሜዳ ከተተከሉ ድንኳኖች ጋር ቃል ይለዋወጣሉ። ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ገብቶ እንዲያይ፣ እንዲጠይቅ፣ ቢወድም ተቀምጦ እንዲናገር ይጋብዛሉ። የመስክ ቀን የሚባለው ይህ ልማድ ከተጀመረ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ለመዓት ቀን መሰናዶ ተብሎ የታሰበ ሥራ እንዴት የእንግዳ መቀበያ አደባባይ ለመኾን እንደ በቃ መተረክ የፈለግሁትም፣ መሰናዶውና አቀባበሉ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይጸና ታሪኩ ራሱ ስለሚመሰክር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

የሬዲዮ አማተር የሚባለው በመንግሥት ፈተና ተፈትኖ፣ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተሰጥቶት፣ ያለ ደመወዝና ያለ ንግድ ጥቅም፣ ለጥበቡ ባለው ፍቅር ብቻ በሬዲዮ ከሌሎች ጋር የሚገናኝ ሰው ነው። ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ገና በሕፃንነቱ ሳለ በአሜሪካ የነበሩ አማተሮች ወሰን የሚያበጅላቸው ሕግ ስላልነበረ በወደዱት ሞገድ ይጠራሩ ነበር፤ ነገር ግን ጥሪያቸው ከመርከቦችና ከባሕር ኀይል መልእክት ጋር እየተደባለቀ ቢያስቸግር፣ በ1912 የወጣው የሬዲዮ ሕግ ከ200 ሜትር ወዳጠረው ሞገድ ገፋቸው። የዘመኑ ሊቃውንት ወደ ሩቅ አገር የሚደርሰው ረጅሙ ሞገድ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ለአማተሮቹ የተተወው ክፍል ፍሬ የማይገኝበት ምድረ በዳ ኾኖ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ በኖቬምበር 1923 ፍሬድ ሽኔልና ጆን ሬይናርትዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ 110 ሜትር ገደማ በኾነ ሞገድ፣ በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ ከነበረው ከሌዮን ዴሎይ ጋር አትላንቲክን አሻግረው ተነጋገሩ። አጭሩ ሞገድ፣ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ካሳደረበት ከላይኛው የአየር ንብርብር እየተመለሰ፣ በጥቂት ኀይል ውቅያኖስን የሚሻገር መኾኑ በዚህ ታወቀ። የኋላው ዘመን የአጭር ሞገድ ሥርጭት ሁሉ ያደገው እነዚህ ሰዎች ተገፍተው ከሰፈሩበት ምድር ነው።

ማኅበራቸው የተመሠረተበት ምክንያት ደግሞ በመጠኑ ትንሽ፣ በፍሬው ግን ትልቅ ነው። በኮነቲከት አገር በሃርትፈርድ ከተማ ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ መሐንዲስ ይኖር ነበር፤ አባቱ በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የፈለሰፈው ሂራም ማክሲም ሲኾን፣ ልጁ በበኩሉ የጠመንጃን ድምፅ የሚያፍን መሣሪያ ሠርቶ የታወቀ ነው። የአባት ስም በጦር ሜዳ ጩኸት ሲገንን፣ ልጅየው የቀሪ ዕድሜውን ትጋት ሰውን ከሰው ለማነጋገር ማዋሉን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ1914 ማክሲም ኦዲዮን የተባለ የመቀበያ አምፑል ስፕሪንግፊልድ በተባለች ጎረቤት ከተማ እንደሚሸጥ ሰምቶ፣ የአምፑሉን ባለቤት በሬዲዮ ቢጠራ ማሠራጫው ያን ያህል መንገድ ሊያደርስለት አልቻለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል በዊንዘር ሎክስ የሚኖር ሌላ አማተር እንዳለ ትዝ ቢለው፣ መልእክቱን ተቀብሎ እንዲያስተላልፍለት ጠየቀው፤ መልእክቱም ደረሰ። ማክሲም ከዚህ ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ብቻውን ደካማ ቢኾን እንኳ እርስ በርሱ ቢቀባበል አገሩን ከዳር እስከ ዳር ማዳረስ እንደሚችል ተገነዘበ፤ በዚያው ዓመት ክላረንስ ተስካ ከተባለ ወጣት ጋር ኾኖ የአሜሪካን የሬዲዮ ቅብብሎሽ ማኅበር አቋቋመ። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መንግሥት ጣቢያዎቹ ሁሉ እንዲዘጉና እንዲፈቱ አዘዘ፤ የማስተላለፍ ፈቃዱ የተመለሰላቸው በ1919 ነው።

ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት አማተሮቹ በጎርፍና በአውሎ ነፋስ ጊዜ የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ሲበጠስ መልእክት በማመላለስ ስማቸው እየተነሣ ሄደ። ነገር ግን አንድ ብርቱ ጉድለት ነበረባቸው። በየቤታቸው ጓዳ ያከማቹት ዕቃ ምንም እንኳ ያማረና የተራቀቀ ቢኾን፣ የሚሠራው የከተማው መብራት እስካልጠፋ ድረስ ነው፤ መዓት ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ያው መብራት ነው። ሬዲዮን ተሸክሞ መውጣትም በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም፤ የዘመኑ የሬዲዮ አምፑሎች ውስጣቸውን ለማጋል ዝቅተኛ ቮልት፣ ለሥራቸው ደግሞ በመቶ የሚቈጠር ቮልት ይሹ ስለ ነበር፣ ባለቤቱ ሁለት ዐይነት ባትሪ ወይም በመኪና ባትሪ የሚዞር ዲናሞ ማጋዝ ነበረበት።

እንዲህ ያለው መዓት ሩቅ አልነበረም፤ በማርች 1933 የካሊፎርኒያን ሎንግ ቢች ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከሦስት ወር በኋላ፣ ጁን 10 እና 11 ቀን፣ የማኅበሩ የግንኙነት ክፍል ኀላፊ የነበረው ኤፍ. ኢ. ሃንዲ ባዘጋጀው ጥሪ መሠረት የመጀመሪያው የመስክ ቀን ተከበረ። ጥሪው አማተሮች ዕቃቸውን ይዘው ወደ ሜዳ እንዲወጡና ከዚያ ኾነው ብዙ ጣቢያዎችን እንዲያገኙ የሚያዝዝ ነበር፤ ውጤቱም በነጥብ እየተመዘነ በማኅበሩ መጽሔት ይታተም ነበር። ውድድር ማድረጉ በእኔ ግምት ብልህነት ነበር፤ ሰው ለሚመጣ መከራ ተዘጋጅ ሲሉት ነገ ዛሬ እያለ ይዘገያል፣ ከባልንጀራው ጋር ተወዳደር ሲሉት ግን ሌሊቱን ሳይተኛ ባትሪውን ይሞላል።

የዚህ ጥሪ ትክክለኛነት የተረጋገጠው በማኅበሩ በራሱ ደጃፍ ላይ ነው። በማርች 1936 የኮነቲከት ወንዝ ሞልቶ ሃርትፈርድን ሲያጥለቀልቅ፣ በብሬናርድ ፊልድ በተባለ ስፍራ የነበረው የማኅበሩ ዋና ጣቢያ፣ ደብልዩ-1-ኤም-ኬ፣ በጎርፉ ጠፋ። ማክሲም ይህን ሳያይ ከአንድ ወር በፊት፣ በፌብሩዋሪ፣ ዐርፎ ነበር። የቅብብሎሽ ማኅበር እናት ጣቢያ ከውኃ በታች በዋለችበት በዚያ ሳምንት፣ በጎርፉ በተመቱት አገሮች መልእክቱን ያመላለሱት በየስፍራው የነበሩ አማተሮች ነበሩ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ በኒውዊንግተን አዲስ ጣቢያ ሠርቶ፣ የማክሲም መታሰቢያ እንዲኾን በእርሱ የጥሪ ምልክት በደብልዩ-1-ኤ-ደብልዩ ሰየመው። ጣቢያው በተመረቀበት በሴፕቴምበር 1938 ታላቁ የኒው ኢንግላንድ አውሎ ነፋስ ደርሶ፣ አማተሮቹ በመስክ የተለማመዱትን ሥራ በእውነተኛው መከራ ላይ አዋሉት። ቀጥሎ የመጣው የዓለም ጦርነት እንደ ፊተኛው ሁሉ አማተሮችን ከአየር አወረዳቸው፤ የመስክ ቀንም ከ1942 እስከ 1945 ታጐለ። በ1946 ግን እንደገና ድንኳኑ ተተከለ፤ ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም።

አሁን ሥራው በሜዳ ላይ እንዴት እንደሚከናወን ጥቂት ልበል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው አንቴናው ነው። ከማኅበርተኞቹ አንዱ በቀጭን ሲባጎ ጫፍ ክብደት አስሮ በወንጭፍ ወይም በቀስት ወደ ረጅም ዛፍ ቅርንጫፍ ይወረውራል፤ ሲባጎው በማዶ በኩል ሲወርድ ወፍራም ገመድ ይታሰርበታል፣ በገመዱም የመዳብ ሽቦው ተስቦ ይሰቀላል። ከሦስትና ከአራት ውርወራ በኋላ ሲባጎው ከታሰበው ቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍ ከሥር የቆመው ሁሉ ያጨበጭባል፤ በዚያች ቅጽበት መሐንዲሱና ወሬ ለማየት የመጣው ሕፃን እኩል ናቸው። ሰዓቱ ሲደርስ ጥሪ ይጀመራል። የሚለዋወጡት ቃል አጭር ነው፤ የጥሪ ምልክት፣ የማሠራጫዎቹ ብዛት፣ ቡድኑ የሚወዳደርበት ክፍል ፊደልና የሚገኙበት አውራጃ፣ ለምሳሌ «ሦስት ኤ ኮነቲከት» ብሎ ያበቃል። በአጠገቡ የተቀመጠው ጸሓፊ ይህን ወዲያው ይመዘግባል፤ አንዱን ጣቢያ በአንድ ሞገድና በአንድ አነጋገር ሁለት ጊዜ መቍጠር ስለማይፈቀድ፣ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ጸሓፊው በሰንጠረዥ በተሰመረ ወረቀት ላይ ስሞቹን ሁሉ ለይቶ መያዝ ነበረበት። በድምፅ የተደረገ ግንኙነት አንድ ነጥብ፣ በሞርስ፣ ይኸውም በአጭርና በረጅም ምት በሚነገር ፊደል፣ የተደረገው ሁለት ነጥብ ያስገኛል፤ ከ5 ዋት ባልበለጠ ኀይል በባትሪ ብቻ የሠራ ሰው ነጥቡ በአምስት ይባዛለታል። በጥቂት ኀይል ብዙ መሥራት እንዲከበር የሚያደርግ ደንብ ስለ ኾነ፣ ከደንቦቹ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው።

ሌሊቱ የራሱ ሥርዓት አለው። በቀን ሩቅ ያደርስ የነበረው የ20 ሜትር ሞገድ ከመሸ በኋላ ብዙ ጊዜ ይዳከማል፤ በእርሱ ፈንታ የ40 እና የ80 ሜትሩ ይነቃል። ሽማግሌዎቹ አማተሮች ለዚህ ሰዓት ይጓጓሉ። መሪጌታና ደብተራ በማሕሌት ሌሊት እየተቀባበሉ እንደሚያነጉ፣ እነዚህም ሁለት ሁለት ኾነው እየተፈራረቁ፣ አንዱ ማዳመጫውን በጆሮው ደፍቶ ሞርሱን ሲመታ ሌላው እየጻፈ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳያልቅ ሦስተኛ ሰው እየጠበቀላቸው ጎሕ ይቀድዳል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዝግጁነቱ ነው። የእንግዳው ነገር በታሪኩ ውስጥ የገባው በዝግታ ነው። ድንኳን በመንገድ ዳር የተከለ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ምን እየሠራህ ነው የሚል ጠያቂ አያጣም፤ አማተሮቹም መልስ መስጠት ከለመዱ በኋላ ማኅበራቸው ይህን መልስ ራሱን ከሥራው እንደ አንዱ ቈጠረው። ዛሬ በደንቡ መሠረት ሕዝብ በቀላሉ በሚደርስበት ስፍራ የሰፈረ ቡድን 100 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ለሕዝብ መረጃ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ለዘረጋ ሌላ 100፤ በሕዝብ የተመረጠ ባለሥልጣን ቢጐበኘው ደግሞ ሌላ 100 ያገኛል። እንግዳ መቀበል በነጥብ ይመዘናልን ብሎ ቅር የሚለው ይኖር ይኾናል። እኔ ግን የደንቡ ጸሓፊዎች የተረዱት ነገር እውነት ይመስለኛል። ጎርፍ በመጣ ቀን የከተማው ሹም ወደ ማን መልእክተኛ መላክ እንዳለበት አስቀድሞ ካላወቀ፣ በኰረብታው ላይ ያለው የተካነ ሰው መኖሩና አለመኖሩ አንድ ነው። በሰላሙ ቀን ድንኳኑን ያየ፣ የባትሪውን ክብደት በእጁ የሞከረ፣ ባለቤቱን በስም የጠራ ሹም ግን በጭንቅ ቀን አያመነታም።

ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው። ለጀማሪዎችና ፈቃድ ለሌላቸው ተብሎ የሚለይ አንድ ጣቢያ አለ፤ በዚያ ባለ ፈቃዱ አማተር አጠገብ ተቀምጦ እየተቈጣጠረ፣ እንግዳው ማይክሮፎኑን ይጨብጣል። አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ከዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ምን እንደሚኾን አስቡት፤ የቡድኑን ምልክት ከወረቀት እያነበበች ትጠራለች፣ ድምፅዋም በመጀመሪያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ከጩኸቱ መካከል የማታውቀው ሰው ምልክቷን ደግሞ ሲመልስላት ወደ አጠገቧ ሰው ዘወር ብላ «ሰማኝ?» ትላለች። በአሜሪካ ከ2007 ጀምሮ ለማንኛውም ፈቃድ የሞርስ ፈተና ቀርቷል፤ የጽሑፉን ፈተና አልፎ ለመግባት ቈራጥነት ይበቃል፤ የጐደለው ያንን ቈራጥነት የሚያነቃቃ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ እርሱንም ከዚህ ጠረጴዛ የተሻለ የሚሰጥ ነገር አላየሁም።

ነገሩ ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት አንድ ቀጭን መሥመር አለ። በአዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ የሚል የጥሪ ምልክት ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ይገኛል፤ ተማሪዎችም በዚያ ይሠለጥናሉ። ሰኔ ለእኛ ክረምት የሚገባበት ወር ስለ ኾነ ድንኳን ለመትከል አይመችም፤ ጥቅምትና ኅዳር ግን ሰማዩ የጠራ፣ ሜዳው የደረቀ ነው፤ እንዲህ ያለውን የአደባባይ ቀን በራሳችን ወቅት፣ ጠረጴዛውን ለመንገደኛው ክፍት አድርገን ብንተክል እወድ ነበር። እስከዚያው ድረስ የአሜሪካኑን ማኅበር ደንብ ማወቅ ይጠቅማል። ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም ውጭ ያለ ጣቢያ ውጤቱን ለውድድሩ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ ነገር ግን በሜዳ ላሉት ሰዎች ቢመልስላቸው ለእነርሱ ይቈጠርላቸዋል። ውድድሩ በእኛ ሰዓት ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተጀምሮ እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ በእነዚህ 27 ሰዓታት ውስጥ አንድ የ5 ኪሎ ተማሪ የሞርስ መምቻውን ይዞ ለአንድ የኮነቲከት ድንኳን ቢመልስ፣ በዚያ ያለው ጸሓፊ ከአውራጃው ስም ፈንታ ከባሕር ማዶ መኾኑን «ዲኤክስ» ብሎ ይመዘግባል፤ ነጥቡም ከመናፈሻው ማዶ ካለው ጎረቤት ጋር በሞርስ እንደ ተደረገው ግንኙነት ሁሉ ሁለት ነው።