ከቁራኛ እስከ ታርጋ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የነዳ ሰው የፎገራን ሜዳ ያውቀዋል። ግራና ቀኝ ሩዝ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ። እግር ሳይታወቅ ነዳጅ መስጫው ላይ ይከብዳል። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ያነሳል፤ የቅጣት ወረቀቷ ትጻፋለች፤ ሾፌሩም አጥፎ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ይሰካታል። አንድ የአባዱላ ሾፌር ወዳጄ እንዲህ ያሉ ሦስት ወረቀቶች አሉት። «እስከ ዛሬ ቤቴ ድረስ የመጣ የለም» ይለኛል።

እውነቱን ነው፣ ማንም አይመጣም። ያታለለውም ይኸው ነው።

አያቶቻችን ተከሳሽን በወረቀት አይለቁም ነበር። ባለጉዳዩ መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው መቆም አለበት፤ ጥሎ መሄድ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከዚያ ዋስ ይጠራል። ዋስ ያጣ ቁራኛ ይገባል። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ፣ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተሳስረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። (ስንቱ ክስ ዳኛ ሳያየው በመሰላቸት ብቻ ታርቆ ይሆን?) ጭካኔ አለበት። ግን «ረሳሁት» ማለት አይቻልም ነበር።

ዘመናዊው ሕግ ገመዱን ፈታው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቀላል ጥፋቶችን «ደንብ መተላለፍ» ብሎ ለብቻ ለያቸው። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 167 ጀምሮ አጭር መንገድ አበጀላቸው። ተከሳሹ መጥሪያ ይደርሰዋል፤ ካመነ በጽሑፍ ያምናል፤ ካላመነ ቀርቦ ይከራከራል። መቀጮውን መክፈል ያልቻለ በጉልበቱ ሠርቶ እንዲከፍል የማድረግ ሐሳብም ያኔ ነበረ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ቀጥሏል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ መሐል ዳኛ አለ።

ደንብ ቁጥር 208/2003 ቅጣቱን ከችሎት ወደ መንገድ ዳር አወረደው። ገንዘቡ እዚያው ይጻፋል፣ ከጎኑ የጥፋት ነጥብ ይያዛል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ደንቡ በ2009 ተሻሻለ፤ በ2016 ደንብ ቁጥር 557 ወጣ። አካሄዱ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ወረቀቷን የናቀ ሾፌር የሚጠብቀው እስር ቤት ሳይሆን የቢሮ መስኮት ነው። መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ፣ ቦሎ ሊወስድ፣ መኪና ስም ሊያዛውር ሲሄድ ዕዳው ቀድሞት ደርሷል። «አላጠፋሁም» የሚልበት ጊዜ ደግሞ አልፏል። ከዓመት በፊት ፎገራ ላይ በስንት ይነዳ እንደነበር ማን ይመሰክርለታል? ዝምታው እንደ እምነት ተቆጥሯል። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ይኸኛው ነው።

ትራፊክ ፖሊስ ታርጋ ፈትቶ ሲወስድ ባየሁ ቁጥር የጥንቱ ዋስ ትዝ ይለኛል። አሠራሩ ተመልሶ መጥቷል፤ ያለ መያዣ አትሄድም ነው ነገሩ። ብቻ የጥንቱ ዋስ አፍ ነበረው። ይማልዳል፣ ይከራከራል፣ ተከሳሹን ፈልጎ ያመጣል። ቆርቆሮ አይናገርም። ደግሞም ብዙ አባዱላና ባጃጅ የሚነዳው ባለቤቱ አይደለም። ታርጋው ተፈትቶ የሚቆመው የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ የዕለቱን ገቢ የሚጠየቀው ግን ሾፌሩ።

የወዳጄ መንጃ ፈቃድ የሚታደሰው ጥር ላይ ነው። ሦስቱ ወረቀቶች አሁንም እዚያው ተሰክተዋል። የአንዷ ጽሑፍ በፀሐይ ደብዝዞ ቀኑ እንኳ አይነበብም።